ቋንቋ ለመሰነድ ለምትወጡ ልጆች

ባለፈው ሰሞን አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። በሰሜን ካሜሩን፣ በማንዳራ ተራሮች ከሚነገሩት ትንንሽ ቻዳዊ ቋንቋዎች (የሐውሳ ዘመዶች ናቸው) የአንዱን ሰዋስው ለመጻፍ ዕድል አግኝታለች። «ጋሼ፣ የዓረፍተ ነገር መጠይቄን፣ ተናጋሪዎቹ የሚተረጉሙልኝን ማለቴ ነው፣ በፈረንሳይኛ ላዘጋጀው ወይስ በፉልፉልዴ፣ በአካባቢው መግባቢያ?» ትላለች። በሁለት መስመር መልሼ ልተኛ ነበር፤ አልሆነም። ጥያቄዋ ወይጦ ወንዝ ዳር ወስዶ ጣለኝ።

ዘመኑ 1980ዎቹ ነው። ከኮንሶ ቁልቁል ወርደን፣ ሙቀቱና ትንኙ እየተቀባበሉን ደቡብ ኦሞ ገባን። ከወንዙ በስተምዕራብ ኦንጎታዎች ይኖራሉ፤ ብራይሌ ብለው የሚጠሯቸውም አሉ። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ያድናሉ፣ ማር ይቆርጣሉ፣ በቆሎ ይዘራሉ። ልጆቻቸው የጎረቤቶቻቸውን የፀማይን ቋንቋ እየተናገሩ ስለሚያድጉ የኦንጎታ ቋንቋ ያን ጊዜም ከጥቂት አዛውንት በቀር ተናጋሪ አልነበረውም። ከኩሻዊ፣ ከነኦሮምኛና ሶማልኛ ወገን፣ ይመደብ፣ አማርኛንም የሚያቅፈው የአፍሮ-እስያዊ ቤተሰብ ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ ይሁን፣ ወይስ መሠረቱ ናይሎ-ሰሃራዊ፣ ከነኑዌርኛ ወገን፣ ይሁን ምሁራን አልተስማሙበትም።

የላከን ፕሮጀክት ያስታጠቀን አንድ ወፍራም መጠይቅ፣ አንድ የካሴት መቅረጫና ተቆጥሮ የተሰጠ የባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ለመጠይቁ ብቻ ይዋል ተብለናል። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፤ አንድ ወጣት ወደ ፀማይ ቋንቋ ይመልሰዋል፤ ሽማግሌው በኦንጎታ ይናገራሉ። «ሰውዬው ሄደ።» «ሰውዬው ይሄዳል።» ደብተሬ ላይ ሁለቱ መልሶች ቁርጥ አንድ ሆነው ተጻፉ። ሽማግሌው ደግመው ቢሉትም ያው ነው። በኦንጎታ ያለፈውን ድርጊት ካላለፈው የሚለየው ቃና ነው፤ የድምፁ ከፍና ዝቅ ማለት። አማርኛው «ሄደ» እና «ይሄዳል» ሲል እንደሚለዋወጠው የግሱ አካል አይለዋወጥም። ሰው በጥያቄ ተይዞ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነጥሎ ሲናገር ደግሞ ያ ቃና ሊደበዝዝ ይችላል።

ሽማግሌው ቀን ቀን ከእኔ ጋር ሲውሉ ያዛጉ ነበር። ማታ ባልንጀራቸውን ሲያገኙ ግን ሌላ ሰው ናቸው። በመጨረሻው ማታ አንድ የድሮ አደን አነሡና ሁለቱ እየተቀባበሉ፣ እየተራረሙ፣ እየተሳሳቁ ሌሊቱን አጋመሱት። የሸሸው አውሬ፣ የሚመጣው አውሬ፣ «እዚያ ጋ ቁም» የተባለው ልጅ፣ ሁሉም ድምፃቸው ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቀን ሙሉ ሳሳድደው የዋልኩት ሰዋስው ጆሮዬ ሥር ይፈስሳል። መቅረጫው ድንጋዩን ለመጠይቁ ጨርሶ ሣጥኑ ውስጥ ተኝቷል። ጠዋት መኪናው መጣ። ለሁለተኛ ጉዞ ገንዘብ እስኪፈቀድ ዓመታት አለፉ፤ ስንመለስ ሁለቱም በሕይወት አልነበሩም። መጠይቁ ግን አንድም ባዶ መስመር አልነበረውም። አዲስ አበባ ላይ በጣም ተመስግኗል።

እናም ልጄ፣ በፈረንሳይኛም ጠየቅሽ በፉልፉልዴ፣ የመጠየቂያውን ቋንቋ ሰዋስው ይዘሽ እንዳትመለሺ እፈራለሁ። ከቻዳውያኑ ትልቁን ሐውሳን ውሰጂ። «ቡጋ» መምታት ነው፤ ደጋግሞ መምታት ሲሆን «ቡብቡጋ» ይባላል፤ እኛ «ሰበረ»ን «ሰባበረ» እንደምናደርገው ማለት ነው። እንዲህ ያለው የግስ ድግም በብዙዎቹ ቻዳዊ ቋንቋዎች አለ። «ብዙ ጊዜ መታው» ብለሽ ስታስተረጉሚ ግን ተናጋሪው ሊያስደስትሽ ፈልጎ «ብዙ ጊዜ»ን ለብቻው ያስገባልሻል፤ የተደገመው ግስ ሳይነሣ ይቀራል።

መጠይቁን ጣሉት ማለቴ አይደለም። ወግ ብቻውን «እናንተ ባትሄዱ ኖሮ» የሚለውን ቅርጽ ላይሰጣችሁ ይችላል፤ የግስ እርባታ ሠንጠረዣችሁ ቀዳዳ ይበዛበታል። መጀመሪያ ሁለት አዛውንት ይጨዋወቱ፣ ቅረጹት፤ መጠይቁን ከሰማችሁት ውስጥ አውጡት።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልመክርም፤ ከእኔ የተሻለ ታውቃላችሁ። መቅረጫችሁ ኪስ ይገባል፣ የድምፁን ከፍና ዝቅ ኮምፒውተር ላይ በመስመር ታዩታላችሁ። መስመሩን ማየት ስትጀምሩ መስማት ታቆማላችሁ፤ ይህ ያናድደኛል። የኦንጎታ ቃና በቅጡ የገባኝ ግን ሌሎች ኋላ የቀረጹትን በዚያው መስመር ሳየው ነው፤ ስለዚህ ብዙም መቆጣት አይገባኝም። ደግሞም ብዙዎቻችሁ ሁለትና ሦስት ቋንቋ እየሰማችሁ ያደጋችሁ ስለሆናችሁ ጆሯችሁ ከእኔ ጆሮ ይሻላል።

ተናጋሪ አነሰ ብላችሁም አትመለሱ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አጥኚው ቮልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ጎጃም ውስጥ ጋፋትኛን፣ ዛሬ የጠፋውን የአማርኛ ዘመድ፣ የሚችሉ ሰዎችን ፈልገው ያገኙት አራት ብቻ ነው። ስለ ጋፋትኛ ሰዋስው የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከእነዚያ ሰዎች ነው።

ክፍያውን ግን ከመጀመሪያው በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት። አንድ ሽማግሌ ሙሉ ቀን ተቀምጦ ሲመልስላችሁ ማሳው አልታረመም፣ ዓሣው አልተጠመደም። «ለቋንቋው ፍቅር ሲሉ ነው» የሚሉ ተመራማሪዎች ሲያጋጥሙኝ ደመወዛቸውን እጠይቃቸዋለሁ። ስማቸው እንዲጠቀስ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልፈለጉ አትጻፉት። የቀረጻችሁትንም ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ውስጥ ብቻ አትቆልፉበት፤ የልጅ ልጆቻቸው በስልካቸው ሊሰሙት በሚችሉበት መልክ ገልብጣችሁ እዚያው ተዉላቸው። ሚሞሪ ካርድ ርካሽ ነው።