የጥያቄና መልስ ገጽ፦ ካርዱ ማሽኑን ሊያክል ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ሮላንድ ጄቪ 1080 የሚባለውን፣ ከኪቦርድ ጋር የሚገናኝ የድምፅ ማሽን በ350 ዶላር ገዝቼ ነበር፣ አሁን ቪንቴጅ ሲንዝ የሚባለውን ተጨማሪ ድምፅ ያለበት ካርድ ልጨምርበት ስል ሻጩ 300 አለኝ። ለአንዲት ካርድ! እየሸወደኝ ነው?

መልስ፦ ሸወደህ እንኳን አይባልም ወንድሜ፣ ገበያው ራሱ እንደዛ ነው። ኤስአር-ጄቪ80 የሚባሉት እንዳንተዋ ያሉ ባለቁጥር ካርዶች መመረት ካቆሙ ቆዩ፣ ያለው በሰው እጅ ያለው ብቻ ነው፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ደሞ የድምፁ ማማር ሳይሆን ድሮ ስንት እንደተሸጠና ዛሬ ስንት ሰው እንደሚፈልገው ነው። ቁጥር 01 ፖፕ በየቦታው ስላለች ረከስ ትላለች፣ ቁጥር 14 ወርልድ ኤዥያ ግን ብርቅ ስለሆነች ዋጋዋ አይቀመስም፣ ሜሞሪያቸው ግን እኩል 8 ሜጋባይት ነው።

ያንተዋ ቪንቴጅ ሲንዝ፣ ቁጥር 04፣ ደሞ ሌላ ጣጣ አለባት። ውስጧ ጄዲ-990 ለሚባለው ሌላ የሮላንድ ማሽን ብቻ የተሠሩ ፓቾች (የተዘጋጁ ድምፆች) አሉ፣ ጄዲ-990 የሚይዘው አንድ ካርድ ብቻ ስለሆነ ባለቤቶቹ መጀመሪያ የሚያድኑት እሷን ነው፣ እነሱ ናቸው ዋጋውን የሰቀሉት፣ ያንተ 1080 ግን እነዛን ፓቾች አያነባቸውም። እና ለሰው ፍላጎት ምን በወጣህ? ለድሮ ዘፈኖች ኦርጋንና ኤሌክትሪክ ፒያኖ ከሆነ የምትፈልገው 08 ይሻልሃል፣ የ60ዎቹና የ70ዎቹ ኪቦርዶች ናቸው ያሉባት። 05 ወርልድን ግን ስሟን አይተህ ክራር ይኖራታል ብለህ እንዳትገዛ፣ መጀመሪያ የድምፅ ዝርዝሯን እይ።

እኔ ብሆን በነጠላ ከመልቀም ካርድ የገባበት ሙሉ ማሽን እፈልግ ነበር፣ ጄቪ 2080 ስምንት ካርድ ይይዛል፣ ብዙ ነጋዴ ፈታትቶ ለየብቻ የሚሸጠውም ትርፉ እዛ ጋ ስለሆነ ነው። ኤስአርኤክስ የሚል ካየህ እለፈው፣ እሱ የኋለኞቹ የሮላንድ ማሽኖች፣ የነፋንቶም ነው፣ ያንተ ላይ አይገጥምም። ከ1080 ፊት ለፊት የሚሰካውም ካርድ ሌላ ነው፣ ይሄኛው ክዳኑ ተፈቶ ውስጥ ነው የሚገባው። ገንዘብ ከመላክህ በፊት ደሞ ካርዱ ገብቶ፣ ስክሪኑ ላይ ኤክስፒ-ኤ ወይ ሌላ የካርድ ባንክ (የካርዱ ድምፆች ያሉበት ክፍል) ወጥቶ ሲጫወት ቪዲዮ ይላክልህ፣ ፎቶ ብቻ ከሆነ ተወው።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነኝ፣ ቤተክርስቲያን ነው የማገለግለው። ሞቲፍ ኤክስኤፍ የሚባለው የያማሃ ኪቦርድ ላይ የጫንኩት የማሲንቆ ሳምፕል (የተቀዳ ድምፅ) ማሽኑን ሳጠፋው አብሮ ይጠፋል፣ ፍላሽ ቦርድ ግዢ አሉኝ፣ የተጠራልኝ ዋጋ ግን አስደነገጠኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ የጫንሽው 128 ሜጋባይቱ ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ላይ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ይሄዳል፣ ብልሽት አይደለም። ኤፍኤል512ኤም ወይ ኤፍኤል1024ኤም የሚባለው ፍላሽ ቦርድ ከገባበትና እሱ ላይ ከጫንሽው ግን አይጠፋም። የተወደዱት መመረት ስላቆሙ ነው፣ ላዩ ላይ ደሞ ያው ቦርድ ኤምኦኤክስኤፍ የሚባለው ሌላው የያማሃ ኪቦርድ ላይም ስለሚሠራ የሁለት ማሽን ሰው ነው የሚሻማበት። አንድ ማሲንቆና አንድ ክራር ብቻ ከሆነ ይሄን ሁሉ ብር አታውጪ፣ ፋይሉን ዩኤስቢ ላይ አስቀምጪና ፕሮግራም ከመጀመሩ በፊት ጫኚው፣ ትንሽ ያስጠብቃል እንጂ ይሠራል። ትልልቅ ሳምፕሎች ካሉሽና መብራት ቶሎ ቶሎ የሚሄድበት ሰፈር ከሆንሽ ግን ግዢው፣ 512ቱ ይበቃሻል።