መልስ፦ ቀበቶዬን በእጅ ብሰፋው ይሻላል?

ሰላም ወንድሜ። ደሴ ፒያሳ በማሽን ያሰፋኸው ቀበቶ አንድ ቦታ ተበጥሶ ስለተተረተረ፣ በእጅ ብሰፋው ይሻላል ወይ ብለሃል። አዎ፣ በጣም! በማሽን ሲሰፋ የላይኛውና የታችኛው ክር ተቆላልፈው ነው የሚይዙት። አንዱ ከተበጠሰ ሌላው ይላላል።

አንተ በሁለት መርፌ ስፋው። ክሩ አንድ ነው፣ በሁለቱም ጫፍ መርፌ ይገባበታል። ሁለቱ መርፌዎች በአንድ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። በአንደኛው በኩል ያለው ክር ቢበጠስ በሌላኛው በኩል ያለው ይዞ ይቆያል። ክሩ ከስፌቱ ርዝመት ቢያንስ 4 እጥፍ ይሁን፣ የንብ ሰም ቀባው። ቀዳዳውን አስቀድመህ በወስፌ ብሳ። መንገድ ዳር ያሉት ጫማ ሰፊዎች የሚይዙት ባለ መንጠቆ ነው፤ ላንተ መንጠቆ የሌለው ነው የሚሆንህ። መርፌውም ጫፉ ዱልዱም ይሁን፤ ሹል ከሆነ ያለፈውን ክር ይወጋዋል። ስትጨርስ 2 ወይም 3 ቀዳዳ ወደኋላ ተመልሰህ ስፋና ቁረጠው።