ከዴቢያን 12 በኋላ ስለቀሩት ባዶ ፓኬጆች፦ ለጠያቂያችን

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሰርቨርዎን ዴቢያን ከሚባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና 11 ወደ 12 ካሳደጉ በኋላ መግለጫቸው ላይ «ትራንዚሽናል ደሚ ፓኬጅ» (መሸጋገሪያ ባዶ ፓኬጅ) የሚል የተጻፈባቸው ባዶ ፓኬጆች፣ ማለትም የሶፍትዌር ጥቅሎች፣ እንደቀሩ ገልጸው፣ ቢያጠፏቸው ጉዳት ይኖረው እንደሆነ ጠይቀዋል። ጉዳት የለውም፤ በድሮው ስም ተጠርተው አዲሱን ፓኬጅ ለማስገባት ብቻ የተቀመጡ ናቸውና ሥራቸውን ጨርሰዋል። እኔን ዋጋ ያስከፈለኝ ከእነርሱ ጋር አብሬ ያጠፋሁት ሌላ ፓኬጅ ስለሆነ፣ ማጥፋት ከመጀመርዎ በፊት ይህን እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

1. ባዶነቱን ሳይሆን መግለጫውን ይዩ። እኔ በሰኔ 2015 ዓ.ም.፣ ዴቢያን 12 በወጣ ሰሞን፣ የምሠራበትን ድርጅት ሁለት ሰርቨሮች አሳደግሁ። በአንደኛው ላይ ጽዳቱ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ ፓኬጆቹን በመጠናቸው ደርድሬ፣ ከማብራሪያ ፋይል በቀር ምንም የሌለባቸውን አንድ በአንድ አስወገድኋቸው። ከእነዚህ መካከል አፕት-ትራንስፖርት-ኤችቲቲፒኤስ ነበረ፤ ፓኬጆችን የሚጭነውና የሚያድሰው አፕት ከ1.5 ጀምሮ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) የማውረዱን ሥራ ራሱ ስለሚሠራው በእርግጥም አላስፈላጊ ነው። በዚያው ዝርዝር ላይ ግን ሊኑክስ-ኢሜጅ-ኤኤምዲ64ም ነበረ። እርሱም ባዶ ነው፤ ነገር ግን መግለጫው «ሜታ-ፓኬጅ» እንጂ «ትራንዚሽናል» አይልም፤ ሥራውም መቼም አያልቅም። በዴቢያን አዲስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) የሚመጣው በአብዛኛው በስሙ ላይ አዲስ ቁጥር ይዞ፣ እንደ ሌላ ፓኬጅ ሆኖ ነው፤ ያንን አዲስ ስም ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባው ይህ ሜታ-ፓኬጅ ነው። እርሱን ሳጠፋው ሰርቨሩ አልቆመም፣ የስሕተት መልእክትም አልሰጠኝም። በየሳምንቱ አፕዴት ሳደርግ ሌላው ሁሉ ይታደስ ነበር፤ ከርነሉ ብቻ ባለበት ቀረ።

ነገሩ የታወቀው በየካቲት 2016 ዓ.ም. ነው። አገልግሎታችንን የሚገዛ አንድ መሥሪያ ቤት የደኅንነት ገምጋሚ ልኮ ነበርና፣ ሰውየው ሁለቱን ሰርቨሮች ጎን ለጎን ከፍቶ የከርነላቸውን ቁጥር ጠየቀ። ያላጸዳሁት 6.1.0-18 አለ፤ ያጸዳሁት ደግሞ ያደገበትን ቀን ቁጥር፣ 6.1.0-9ን፣ እንደያዘ ነበር። ገምጋሚው አለቃዬ ባለበት «ስምንት ወር ሙሉ ምን ስትሠራ ነበር?» አለኝ። በየሳምንቱ ያደረግሁትን አፕዴት የሚያሳየውን መዝገብ ከፍቼ ላሳየው ብል ሊያይልኝ ፈቃደኛ አልሆነም፤ ክፍያችንም ለሁለት ወር ተያዘ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አልክድም፤ ማስረጃ ይዞ የቀረበን ሰው አለማዳመጥ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

2. መሸጋገሪያውን ከማጥፋትዎ በፊት አዲሱን ፓኬጅ «በእጅ የተጫነ» ብለው ምልክት ያድርጉበት፤ ትእዛዙ አፕት-ማርክ ማንዋል ነው። ዲኤንኤስዩቲልስን ይውሰዱ፦ ዛሬ የሚያመለክተው ባይንድ9-ዲኤንኤስዩቲልስን ብቻ ነው፤ የድረ ገጽ ስሞችን አድራሻ የሚጠይቀው ዲግ የሚባለው ትእዛዝ ያለው በዚህ በሁለተኛው ውስጥ ነው። ይህኛው ለሌላ ፓኬጅ ሲባል በራሱ እንደገባ ጥገኛ ተቆጥሮ ከሆነና እርስዎ የመጀመሪያውን አጥፍተው አውቶሪሙቭ (የማያስፈልጉ ጥገኞችን የሚያስወግደውን ትእዛዝ) ካሉ፣ ዲግም አብሮ ይሄዳል። አፕት ኦልድሊብስ በሚባለው የአሮጌ ፓኬጆች ክፍል ለተመደቡት ምልክቱን ወደ አዲሱ የሚያዛውርበት አሠራር አለው፤ ሆኖም ከሌላ ምንጭ የጫኗቸው መሸጋገሪያዎች ሁሉ በዚያ ክፍል መመደባቸውን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ስለዚህ እኔ በአውቶሪሙቭ ላይ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሙከራውን አማራጭ አስገብቼ፣ የሚወጣውን ዝርዝር እስከ መጨረሻው መስመር አነብባለሁ። በዚህ መንገድ በኋላ አራት ሰርቨሮችን ወደ ዴቢያን 13 አሳድጌ አንድም የሚያስፈልገኝ ነገር አልጠፋብኝም፤ ይህንንም በኩራት እናገራለሁ።

ምናልባት ጽዳቱን ጀምረው ከሆነ፣ ዛሬውኑ ሊኑክስ-ኢሜጅ-ኤኤምዲ64 መኖሩን በአፕት ፖሊሲ ትእዛዝ ይመልከቱ። ከሌለ መልሰው ይጫኑትና ተጠቃሚ በሌለበት ሰዓት ሰርቨሩን ሪስታርት ያድርጉት፤ ካላስነሡት አዲሱ ከርነል ዲስኩ ላይ ይቀመጣል እንጂ የሚሠራው ያው አሮጌው ነው።