ከሞዱ ስም በፊት የሚገባውን ድምፅ እይ

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው እኔም ከዓመታት በፊት የተቸገርኩበትን ነው። አምስት ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ያለው ሆም ቴአትር ገዝተህ፣ ሪሞቱ ላይ የተደረደሩት የድምፅ ሞዶች ግራ አጋቡህ። በፊልም ላይ ንግግር አይሰማህም፤ ዘፈን ደግሞ በርሜል ውስጥ የተዘፈነ ይመስልሃል። እዚህ ሪሲቨር የምለው የዲሹን ሳይሆን ስፒከሮቹ የሚሰኩበትን ነው።

እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ያዳመጥኩት «ኦል ቻናል ስቴሪዮ» በሚባለው ሞድ ነበር። አምስቱም ስፒከሮች እኩል ሲጮኹ ያወጣሁት ገንዘብ የሚሰማ መሰለኝ። ይህ ሞድ ግን የፊቱን ድምፅ ከኋላም ይደግመዋል፤ ንግግሩ ከየአቅጣጫው እየመጣ ጆሮ ማረፊያ ያጣል። ቤት በእንግዳ ሲሞላ ግሩም ነው፣ ለፊልም ግን አይሆንም።

የሞዱን ስም ተወውና ወደ ሪሲቨሩ የሚገባው ድምፅ ምን እንደሆነ እይ። «ኢንፎ» የሚለውን ስትጫን ይነግርሃል። ዶልቢ ዲጂታል 5.1 ካለ፣ ማለትም ድምፁ ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሳብዉፈር ተለያይቶ ከመጣ፣ ምንም ሞድ አትጨምርበት፤ ንግግሩን የፊልሙ ድምፅ ባለሙያ ራሱ መካከለኛው ስፒከር ላይ አስቀምጦታል። የእኔ ቤት ችግር እዚህ ላይ ነበር፦ ፊልሙ 5.1 ሆኖ ሳለ ቴሌቪዥኑ «ፒሲኤም» በሚባለው አላላክ ሁለት ቻናል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ይልክ ነበር። መካከለኛውን ስፒከር ተበላሽቷል ብዬ ልቀይር ስል፣ የቴሌቪዥኑን የድምፅ መውጫ ድምፁን እንዳለ ወደሚያሳልፈው «ቢትስትሪም» ባዞረው ንግግሩ ጥርት ብሎ መጣ።

የሚገባው ሁለት ቻናል ከሆነ፣ ለምሳሌ ከዩቲዩብ የምታየው የአማርኛ ፊልም፣ «ዶልቢ ሰራውንድ»ን ምረጥ፤ በቆዩት ሪሲቨሮች ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው «ፕሮ ሎጂክ 2» ነው። ግራና ቀኙን ያነጻጽርና በሁለቱም እኩል ያለውን ወደ መካከል፣ የሚለያየውን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይልካል። ንግግር አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም እኩል ስለሚቀረጽ መካከል ላይ ይወጣል።

ለድሮ ዘፈን ግን ይኸው ሞድ ጠላት ነው። በ1960ዎቹ የተቀረጹት ብዙዎቹ ዘፈኖቻችን ሞኖ ናቸው፤ ግራውና ቀኙ አንድ ስለሆነ ድምፁ በሙሉ መካከለኛው ላይ ተከማችቶ የግራና የቀኙ ዝም ይላሉ። መጀመሪያ ሲገጥመኝ ሽቦ የተነቀለ መስሎኝ ከኋላው ስፈልግ አመሸሁ። ለእነዚህ ዘፈኖች «ስቴሪዮ» ይበቃል። «ዳይሬክት» የሚለውም ጥሩ ነው ይባላል፤ እኔ ግን የባስና የትሬብል ማስተካከያውን፣ በአንዳንዶቹ ሪሲቨሮች ላይ ሳብዉፈሩን ጭምር ስለሚዘጋ አልወደውም።

የበርሜሉ ድምፅ ከ«ሆል» ወይም ከ«ስታዲየም» የመጣ ይመስለኛል። ሰው ሠራሽ ማስተጋባት የሚጨምሩ ሞዶች ናቸው፤ ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን ደግሞ ቀድሞውንም ያስተጋባል። አጥፋቸው።

ልጆች ሲተኙ «ናይት» የሚለውን ክፈት፤ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ሆኖ ንግግሩ አሁንም ከደከመ፣ የመካከለኛውን ስፒከር መጠን ብቻ 2 ወይም 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ፣ dB) ጨምር። ዛሬ ማታ ያንኑ ፊልም ክፈትና ማሳያው ላይ የተጻፈውን ላክልኝ፤ ከዚያ ተነስተን የቀረውን እንፈታዋለን።