ዚንክና የአፍ ጠረን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባሕር ዳር ውስጥ በመድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ስሆን፣ ዚንክ የአፍ ጠረን በሚያመጡ ባክቴሪያዎች ላይ ያለውን ኃይል ስለማጠናከር ከጠየቃችሁኝ የተወሰኑትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዚንክ ባለበት የጥርስ ሳሙና እየፋቅሁ ጠረኑ ያልለቀቀኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጠረኑን በብዛት የሚፈጥሩት በምላስ ጀርባና በድድ ኪስ ውስጥ አየር በማያገኙበት ቦታ የሚኖሩ፣ እንደ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስና ፉሶባክቴሪየም ኑክሊያተም ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ድኝ ያለባቸውን አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያዎች) እየሰባበሩ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ሜቲል መርካፕታን የተባሉ ጋዞችን ይለቃሉ። ዚንክ የሚጠቅመው በሟሟ አዮን (በውኃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሙል ይዞ በተበተነ ቅንጣት) መልክ ሲገኝ ነው፤ ያን ጊዜ ድኙን ይዞ ወደማይተን ዚንክ ሰልፋይድ ይለውጠዋል፣ የባክቴሪያዎቹንም ኢንዛይሞች ያግዳል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ «ዚንክ» የሚለውን ብቻ ሳይሆን የቱ የዚንክ ውሕድ እንደሆነ ያንብቡ፤ አሲቴት፣ ክሎራይድና ላክቴት በውኃ በቀላሉ ሲሟሙ ኦክሳይዱ ግን እምብዛም አይሟሟም። ከሁሉ በፊት ግን በማንኪያ ጠርዝ ምላስዎን ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ ይፋቁት፤ ማንኪያው ላይ የሚቀረውን ነጭ ዝቃጭ ሲያዩ የጥርስ ሳሙናው የት እንዳልደረሰ ይገባዎታል።

ጥያቄ፦ ከምን ጋር ቢቀላቀል ይበረታል?

መልስ፦ በእኔ ግምት በመጉመጥመጫ ውስጥ አስተማማኙ ጥምረት 0.3 በመቶ ዚንክ አሲቴት ከ0.025 በመቶ ክሎርሄክሲዲን (ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት) ጋር ነው። ክሎርሄክሲዲኑ የባክቴሪያውን ሽፋን ሲያውክ ዚንኩ ጋዙን ይይዛል፤ የክሎርሄክሲዲኑ መጠንም ለድድ ሕክምና ከሚታዘዘው 0.2 በመቶ በእጅጉ ስለሚያንስ ጥርስን የማበለዝ ጠባዩ ይቀንሳል። ሆኖም የጥርስ ሳሙና አረፋ ክሎርሄክሲዲንን ስለሚያደክም፣ ጥርስ ከተፋቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጉመጥመጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ አሲድ ዚንክን ያሟሟል ከተባለ የዘጌን ሎሚ ብጨምርበትስ?

መልስ፦ ኬሚስትሪውስ ልክ ነው፤ ነገር ግን የሎሚ ጭማቂ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ3 በታች ሲሆን የጥርስ ኢናሜል (ጠንካራው የውጭ ሽፋን) 5.5 አካባቢ መሟሟት ስለሚጀምር፣ ዚንኩ ሳይበረታ ጥርስዎ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ ይብስብኛል።

መልስ፦ ምራቅ ሲቀንስ አፍ ስለማይታጠብ ነው። ማታ ከመኝታ በፊት ምላስዎን ፍቀው ይጉመጥመጡ።

ጥያቄ፦ ለልጄ ተቅማጥ የተሰጠው የዚንክ ኪኒን ተርፎኛል፤ በጥብጬ ልጉመጥመጥበት?

መልስ፦ አይሆንም። ለተቅማጥ የሚሰጠው ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወሰድ ስለሆነ፣ ተቅማጡ ቆመ ተብሎ ተቋርጦ ከሆነ ኪኒኑ የተረፈው ለልጁ ሳይሰጥ ነው፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ባለሙያው ይደውሉ።