ስሟ ሳይጠራ የሄደችው እናት

በቅርቡ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የምትኖር አንዲት ወጣት እናት አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ እኔ ገና ዜጋ አይደለሁም። ድምፅ የማልሰጠው የምክር ቤት አባል ምን ብሎ ይሰማኛል?» አለችኝ። ቶሎ አልመለስኩላትም። ሌላ እናት ትዝ አለችኝ። የዚያች ሴት ነገር እስካሁን ይቆጨኛል።

ያኔ ሜሪላንድ ውስጥ ከስደተኛ ቤተሰቦች ጋር የምሠራ ሶሻል ወርከር ነበርኩ። ልጇ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አይናገርም። ትምህርት ቤቱ አይኢፒ አዘጋጀለት። ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ ምን ዓይነት ትምህርትና ሕክምና፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሰጠው የሚጻፍበት ሰነድ ነው። ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ነበር። ወረቀቱን ግን ማንም አላነበበላትም። ወፍራም ነው፣ ሙሉውን በእንግሊዝኛ ነው። ፈርማ ይዛው መጣች።

ቤቷ ቁጭ ብለን ገጽ በገጽ አነበብኩላት። የንግግር ሕክምናው ሰዓት ከአምናው ቀንሷል። ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ «ይቺ ናት የተቀነሰችው?» አለች። አዎ አልኳት። ትንሽ ቆይታ «ይሄን የሚወስነው ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ ወላጅ «ለምን?» ብሎ ያለቅሳል። «ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

መልሱ አንድ ሰው አይደለም። የልጁን ሰዓት የሚወስነው የትምህርት ቤቱ ቡድን ነው፤ እሷም የቡድኑ አባል ናት። የመማር መብቱን ያጸናለት እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የፌዴራል ሕግ ነው። ያንን ሕግ ያመጡትም በፔንሲልቬንያና በዋሽንግተን ዲሲ ፍርድ ቤት ድረስ የሄዱ ወላጆች ናቸው። የስቴቱ ደንብና የስቴቱ ገንዘብ ደግሞ የሚወሰነው የስቴቱ ምክር ቤት በሚሰበሰብባት ዋና ከተማ፣ አናፖሊስ ነው። በዚያው ዓመት በልዩ ትምህርት ላይ አንድ ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር። ረቂቁን የሚያየው ኮሚቴ ፊት ቀርባ ለመመስከር «እሄዳለሁ» አለች።

ምስክርነቷን አብረን ጻፍን። መጀመሪያ የጻፈችው ግማሽ ገጽ ምስጋና ነበር። ለአገሩ፣ ለመንግሥቱ፣ ለመምህራኑ። ሁሉንም ከልቧ ነው ያለችው። ግን የተሰጣት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ምስጋናው ብቻ ይጨርሰዋል። ቆራርጠን ቆራርጠን የቀረው ይሄ ነበር፦ «ልጄ ውሃ ሲፈልግ እጄን ይዞ ወደ ቧንቧው ይወስደኛል። ሲያመው ግን የት እንዳመመው የሚወስደኝ ቦታ የለም።» በሥራ ዘመኔ ብዙ ሪፖርት ጽፌያለሁ። እንደዚህች ዓረፍተ ነገር ያለ አልጻፍኩም።

ምክር ቤቱ ከሚሰበሰብበት ከስቴት ሀውሱ ፊት ለፊት የጠበቃው የተርጉድ ማርሻል ሐውልት አለ። አጠገቡ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ሁለት የነሐስ ልጆች አሉ። እነማን ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። በ1954 ጥቁርና ነጭ ልጆችን ለያይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው የተባለበትን፣ ማርሻል የተሟገተበትን ክርክር ነገርኳት። ከሳሾቹ የልጅ ወላጆች መሆናቸውንም ነገርኳት። ከልጆቹ ጎን ተቀመጠችና ወረቀቷን አንድ ጊዜ ደግማ አነበበች።

የኮሚቴው ስብሰባ የተጠራው ከቀኑ ለሰባት ሰዓት ነው። መጀመሪያ ሌሎች ረቂቆች ታዩ። ከዚያ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ተናገሩ። ከዚያ ደረታቸው ላይ ባጅ ያደረጉ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ጉዳይ አስፈጻሚዎች (ሎቢስቶች)። የኮሚቴውን ሠራተኞች በስማቸው ይጠራሉ፤ መቼ መግባት፣ መቼ ወጥቶ ቡና መጠጣት እንዳለባቸው ያውቃሉ። እሷ ከወንበሯ አልተነሳችም። ሽንት ቤት እንኳ አልሄደችም፣ ድንገት ስሜ ቢጠራስ ብላ። መሸ። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ የሌሊት ተረኛ ናት። ቀርታ ብታድር ሥራዋን ታጣለች። ወረቀቷን እጄ ላይ አድርጋ ወጣች።

ስሟ ሲጠራ ወንበሩ ባዶ ነበር። ሰብሳቢው ወደ ቀጣዩ ስም አለፈ። ወረቀቷ ፋይል ውስጥ ገባ፤ ረቂቁም ከኮሚቴው ሳይወጣ ቀረ። ረቂቅ ሕግ ይወድቃል፣ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል። እኔን የሚቆጨኝ እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበሩት ሰዎች ያቺን ዓረፍተ ነገር ከአፏ አለመስማታቸው ነው። ቢሰሙ ኖሮ ረቂቁ ያልፍ ነበር አልልም። ይሰሟት ነበር፤ በቃ።

ለእናንተ የምለው ከዚህ የመጣ ነው። የምስክርነት ቀን ላይ አትንጠልጠሉ። የሜሪላንድ ምክር ቤት የሚሰበሰበው በዓመት 90 ቀን ነው፤ ከጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ እስከ ኤፕሪል። በዚያ ጊዜ 188 ሰዎች ከሁለት ሺህ በላይ ረቂቅ ያያሉ። ማንን ይስሙ? ሌላውን ጊዜ ግን ሰፈራችሁ ውስጥ ናቸው። አብዛኞቹ ሌላ ሥራ አላቸው፣ እናንተ የምትገበዩበት ሱቅ ይገበያሉ። ሴናተራችሁንና ዴሌጌቶቻችሁን (የታችኛው ምክር ቤት ተወካዮቻችሁን) ያኔ ቤተ መጻሕፍት ወይም ካፌ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አግኟቸው። ከተቻለ ልጃችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

ዜግነትን በተመለከተ፤ ዲስትሪክቱ፣ ማለት የምርጫ ክልሉ፣ የሚከለለው በነዋሪ ቁጥር ነው። ያቺ ወጣት እናትም፣ ልጇም ይቆጠራሉ። አቤቱታ የማቅረብ መብትም ለዜጋ ብቻ አልተሰጠም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የጽሑፍ ምስክርነት አሁን በኢንተርኔት ነው የሚገባው፣ ማንም ሊያነበው ይችላል። የልጃችሁን ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ሁኔታ አትጻፉበት። ወረቀታችሁ ያላለቀ ከሆነ መጀመሪያ ጠበቃ አማክሩ።

ስለ ዘንድሮ ልጆች አንድ ነገር ልበል። ጎበዞች ናችሁ፣ እንግሊዝኛው አይቸግራችሁም፣ መረጃ በደቂቃ ታገኛላችሁ። ግን ቪዲዮ ሼር ስታደርጉ ሥራው ያለቀ ይመስላችኋል። ሁላችሁም አንድ ዓይነት ኢሜይል ኮፒ አድርጋችሁ ትልካላችሁ፤ ቢሮው ቆጥሮ ያስቀምጠዋል፣ አያነበውም። እርግጥ ቁጥርም ቀላል ነገር አይደለም። የኢሜይል ጎርፍ ያስደነገጠው የምክር ቤት አባል አይቻለሁ፤ ስለዚህ መላኩንም አትተዉት። የራሳችሁን ሦስት መስመር ግን ጨምሩበት። በእኛ በትልልቆቹም እከፋለሁ። ለአገር ቤት ፖለቲካ ሲሆን አዳራሹ ሞልቶ ሰው በር ላይ ይቆማል። ለትምህርት ቤት በጀት ስንጠራ የሚመጡት እነዚያው እናቶች ናቸው።

ደግሞ የተገኘውን እወቁ። በሜሪላንድ ትምህርት ቤቱ የአይኢፒ ረቂቁን ከስብሰባው ቢያንስ 5 የሥራ ቀን አስቀድሞ ለወላጅ መስጠት አለበት። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ቋንቋችሁን በወረዳው ከሚማሩት ልጆች ከ1 በመቶ በላይ የሚናገሩት ከሆነ፣ ሰነዱ እንዲተረጎምላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት ግዴታቸው ነው። ያቺ እናት ይሄ አልነበራትም። እናንተ አላችሁ፣ ግን ካልጠየቃችሁ ማንም አያመጣላችሁም።

የልጆች ጥበቃ ጉዳይም እንደዚሁ ነው። ወገኖቻችን ሲፒኤስ የሚባለውን የልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ስም ሲሰሙ ይንቀጠቀጣሉ። በሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ብቻውን መተው አይቻልም፤ የሚጠብቀውም ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ብዙ አባት ይሄን የሚሰማው ፖሊስ በሩን ሲያንኳኳ ነው። ቸልተኝነት ምን ማለት እንደሆነ የሚጽፉት እነዚያው 188 ሰዎች ናቸው። ሁለት ሥራ የሚሠራ ወላጅ እንዴት እንደሚውል ከእኛ ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ?

ሴፕቴምበር ላይ ለሴናተራችሁ ወይም ለዴሌጌታችሁ ቢሮ ጻፉ። በሳምንት መልስ ካላገኛችሁ ደውሉ። ስልኩን የሚያነሳው ረዳት ነው፤ ስሙን ጠይቁና ያዙት፣ ዓመቱን ሙሉ የምትነጋገሩት ከእሱ ጋር ነው። የሌሊት ተረኛ ከሆናችሁም በስንት ሰዓት መምጣት እንደምትችሉ ያኔውኑ ንገሩት።