«ዘ ዎል» ድሮ ወድጄው ዛሬ ለምን ሰለቸኝ? ላልከው

ችግሩ አልበሙም አንተም አይደላችሁም፣ አሰማምህ ነው። የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን አልበም «ዘ ዎል» («ግንቡ») በ18 ዓመትህ ወደኸው፣ አሁን ሁለተኛው ሸክላ ላይ ስትደርስ እንደምታቋርጠው ጽፈሃል። ፒንክ የሚባል ዘፋኝ ራሱን ከሰው የሚለይበት ግንብ ሲገነባ የሚተርክ፣ በሁለት ሸክላ 26 ዘፈን ያለው አንድ ታሪክ ነው፤ አንተ ደግሞ ስልክህ ላይ እያፈራረቅክ ትሰማዋለህ።

1. ሻፍሉን አጥፋና በአንድ ምሽት ጨርሰው። 80 ደቂቃ ገደማ ነው።

2. መጨረሻው እንዳለቀ ወዲያው ከመጀመሪያው አስነሳው። መጨረሻ ላይ ተቆርጦ የሚቀረው ዓረፍተ ነገር መክፈቻው ላይ ይሟላል፣ ግንቡ ፈረሰ ብለህ እፎይ ስትል እንደገና መገንባት ይጀምራል ማለት ነው። እኔ ይሄን ያስተዋልኩት ከስንት ዓመት በኋላ ነው፣ ክው ነው ያልኩት።

3. አባትየውን ተከተል። በልጅነታችን የሰማነው በአስተማሪዎቹ ላይ ያለውን ቁጣ ብቻ ነበር። የአልበሙ ዋና ደራሲ፣ የባንዱ አባል የሮጀር ዋተርስ አባት ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944 እ.ኤ.አ. ጣሊያን፣ አንዚዮ ላይ ሲሞት ልጁ ገና የአምስት ወር ሕፃን ነበር። ይሄን ይዘህ ስማው፣ ሐዘኑ ሁሉም ቦታ አለ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ ፒንክን እንደ ጀግና አትስማው። እኔ ለዓመታት እንደዛ ሰምቼው ተሳስቻለሁ። የአልበሙ ሐሳብ የመጣው ዋተርስ በ1977 እ.ኤ.አ. ካናዳ፣ ሞንትሪያል መድረክ ላይ አንድ አድናቂው ላይ ከተፋ በኋላ ነው፣ በራሱ ደንግጦ። ሁለተኛው ሸክላ ላይ ፒንክ አምባገነን የሚሆነውም ለዚህ ነው። እናትየውና ሚስትየው ላይ ሁሉን ማላከኩ ዛሬም ይከብደኛል፣ እሱን አልከላከልለትም።